ባልና ሚስት በኅብረት ጉዞ ላይ
(የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ከቁጥር 41 እስከ 51)



ይህን ትምህርት ከማንበባችሁ በፊት ከላይ የተመለከተውን የወንጌል ክፍል፣ ቢቻል ባልና ሚስት አብራችሁ ተቀምጣችሁ፣ እንድታነቡት እንለምናችኋለን። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ስለ ሕፃኑ ኢየሱስ ነው፤ በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ መገኘቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። እኛ ግን ዛሬ የምንመለከተው ሁለቱን ወላጆችና የሄዱበትን መንገድ ነው። ዮሴፍና ማርያም በየዓመቱ ለፋሲካ በዓል ከናዝሬት ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጡ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ከዘመዶቻቸውና ከሚያውቋቸው ሰዎች ጋር በኅብረት ይጓዙ ነበር። እንግዲህ ይህ ክፍል ከብዙ ሕዝብ ጋር አብረው ስለሚጓዙ ባልና ሚስት የሚናገረው ነገር አለው ማለት ነው።

በዚህ ዓይን እንድናነበው ያደረገን በ2011 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ወደ ቅድስት ሀገር ያደረግነው ጉዞ ነው። እኛ ይህን የምንጽፈው ባልና ሚስት ነን። ባል በቢቸና፣ ሚስት በሞጣ ተወለድን፤ በምስጢረ ተክሊል ከተጣመርን ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖን ነበር። ስማችን ለትምህርቱ የሚጨምረው ነገር ስለሌለ ከዚህ በኋላ «ባል» እና «ሚስት» እያልን እንቀጥላለን።

በሀገራችን ኢየሩሳሌምን መሳለም ከጥንት የቆየ ምኞት ነው። ባልና ሚስት አብረው መሄዳቸው ግን እምብዛም የተለመደ አልነበረም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ለመጎብኘት በተነሡ ጊዜ በመንገዳቸው ኢየሩሳሌምን ተሳልመዋል። ከተከተሏቸውም ታላላቅ መኳንንት መካከል የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ይገኙበታል። በማርሽ ሙዚቃቸው የታወቁት አርባዎቹ የአርመን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ የመጡትም በዚያ ጉዞ ምክንያት ነው። ያ ታላቅ የኅብረት ጉዞ የወንዶች ጉዞ ነበር። እቴጌ መነን ቅድስት ሀገርን የተሳለሙት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። ባል በአንድ ጊዜ፣ ሚስት በሌላ ጊዜ ማለት ነው።

በቤተ መንግሥት የነበረው በመንደራችንም ነበረ። በልጅነታችን የምናውቃቸው ተሳላሚዎች ባላቸው የሞተባቸው እናቶች ወይም ንብረታቸውን ለልጆቻቸው ያከፋፈሉ ሽማግሎች ነበሩ። ባልና ሚስት በሕይወት ካሉ አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ከብቱንና ቤቱን ይጠብቃል። ስለዚህ ሁለታችንም እንደምንሄድ በተሰማ ጊዜ ሞጣ ያሉት የሚስት እናት መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ዋጋው አልነበረም። «ቤቱን ለማን ዘግታችሁ ነው?» አሉን። ለእርሳቸው ሩቅ ሀገር ማለት ከሰባራ ድልድይ ማዶ ያለው ነው። ያ የአፄ ፋሲል ዘመን ድልድይ በጠላት ወረራ ዘመን ከተሰበረ በኋላ የሞጣ ሰው ዓባይን የሚሻገረው በወገቡ ገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ ሰዎች እየጎተቱት ነበር። ገመዱን የሚይዝ ሰው ከወዲህ ሳይኖር አይታሰርም። የእማማም ጥያቄ ከዚያ የመጣ ይመስለናል፤ ሁለታችሁም ከታሰራችሁ የሚይዘው ማን ነው ማለታቸው ነው።

ለጉዞው ሦስት ዓመት ቆጥበን፣ አንድ ዕቁብም ጨምረንበት ነበር። ከኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችን ጭምር አደራው በዛ፦ ከዮርዳኖስ ጸበል፣ ከኢየሩሳሌም ሻማ፣ ለታመመ ዘመድ መቁጠሪያ፣ በጎልጎታ ሊነሣ የሚገባው የስም ዝርዝር። ዝርዝሩ ብቻ ሁለት ገጽ ሞላ። ለሰው አደራ ይህን ያህል የተዘጋጀን ሰዎች እርስ በርሳችን የተነጋገርነው ግን ስለ ሻንጣና ስለ ጫማ ብቻ ነበር። የሚስት ጉልበት ደረጃ ሲበዛበት እንደሚያብጥ ሁለታችንም እናውቃለን። በጉዞው ላይ ደረጃ እንደሚበዛም እናውቃለን። ስለዚህ ነገር ግን ከቢቸና እስከ ደጀን፣ ከደጀንም የዓባይን በረሃ ወርደን አዲስ አበባ እስክንገባ ድረስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ቡድናችን አርባ አንድ ሰው ነበር። አንድ ካህን ይመሩናል፤ እዚያ ስንደርስ የሀገሩ አስጎብኚ ተቀበለን። አስጎብኚው በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ከእኛ ወገን አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሳል። የመጀመሪያው አስተርጓሚ ጉሮሮው በታመመ ጊዜ ዕድሜውን በመምህርነት ያሳለፈው ባል በቦታው ተተካ። እንዲህ ያለው አገልግሎት መልካም ነው፤ ባልም ደስ ብሎት ነበር፣ ሚስትም ኮርታበት ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባል የቡድኑ ሆነ። ከፊት ከአስጎብኚው ጎን ይሄዳል፣ በአውቶቡስም ከፊት ይቀመጣል። ሚስት ደግሞ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር፣ ሻንጣ ከምትይዝላቸው ከአንዲት አሮጊት አጠገብ። በመጀመሪያዋ ሌሊት የእንግዳ ማረፊያው ክፍሎች ሦስት ሦስት አልጋ ስለነበራቸው ወንዶች ከወንዶች፣ ሴቶች ከሴቶች ጋር ተደለደልን። እኛ በማግስቱ ጠይቀን ክፍል ተሰጠን። ይህ ነገር ከመነሣት በፊት፣ ገንዘብ ሳይከፈል፣ ተጠይቆ ሊታወቅ የሚገባው ነው። የጠየቁ ይለወጥላቸዋል፤ ዝም ያሉ ግን እንደተደለደሉ ይቀራሉ። አንድ ወጣት ባልና ሚስት እንዲለወጥላቸው ተጠይቀው ባልየው «ግድ የለም፣ ይመቸናል» ማለቱን አስታውሱልን፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

በሦስተኛው ቀን ናዝሬት አጠገብ ወዳለችው ወደ ቃና ሄድን። በዚያ በፍራንቸስካውያን አባቶች በሚጠበቀው ቤተ ክርስቲያን ከየሀገሩ የሚመጡ ባለትዳሮች የተክሊል ቃል ኪዳናቸውን ያድሳሉ። ከእኛ ቡድን ሰባት ጥንዶች ቆምን። ሽማግሎቹ እንደ ሙሽራ አፈሩ፣ አንዲት እናት ሳቅ ይዟቸው ቃሉን መጨረስ አቃታቸው። ስምንተኛዎቹ እነዚያ ወጣቶች ሊሆኑ ይገባ ነበር። ሚስትየዋ ነጠላዋን አስተካክላ ቆማ ነበር፤ ባልየው ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ፣ ሥርዓቱ እስኪፈጸምም አልተመለሰም። ይህን ሁለታችንም አየን። ማታ በክፍላችን ሆነን አነሣነው፤ የሰው ነገር ነው ብለንም ተውነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንመጣለን። በኢየሩሳሌም ፍኖተ መስቀልን እየጸለይን ስንሄድ መንገዱ በአሮጌው ከተማ ገበያ መካከል የሚያልፍ ጠባብ ጎዳና ነው። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ነጋዴው ይጣራል፣ የሌላው ሀገር ተሳላሚ በመካከል ይገባል። ዘጠነኛው ማረፊያ የሚገኘው በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ወዳለው ወደ ኢትዮጵያውያን ገዳም፣ ወደ ዴር ሡልጣን፣ መግቢያ አጠገብ ነው። ወደዚያ ለመድረስ ረጅም ደረጃ ይወጣል። ሚስት ደረጃውን ስትጨርስ ጉልበቷ አልታዘዝ አላት። በበሩ ገባ ብላ በገዳሙ ግቢ ከአንድ ግድግዳ ሥር ተቀመጠች፤ ሲነሡ እነሣለሁ አለች። ቡድኑ ግን በሌላ መንገድ በገበያው ዞሮ ወደ ቅዱስ መቃብሩ ወረደ። ባል ከፊት ሆኖ የአስጎብኚውን ቃል እያስተረጐመ ነበር።

በቅዱስ መቃብሩ ደጅ ተራ ስንጠብቅ ብዙ ሰዓት አለፈ። በዚያ መካከል አባ አንድ ጊዜ፣ «ባለቤትህስ?» ብለው ባልን ጠየቁት። «ከሴቶቹ ጋር ናት» አለ። ዞሮ አላየም። ሴቶቹ ደግሞ ከመካከላቸው አንዲቱ ስለ እርሷ ስታነሣ፣ «ዛሬስ ከባሏ ጋር ሆናለች» ተባባሉ። ሁሉም ደግ ሐሳብ ያሰበ ነው። የተቆጠርነው ከከተማው ቅጥር ውጭ አውቶቡስ ውስጥ ስንገባ ነው፤ አርባ ሆንን።

ባል በገበያው መካከል እየሮጠ የተመለሰበትን ጊዜ ርዝመት ሊነግራችሁ አይችልም። ከሁለት ሰዓት በላይ ፈልጓል። በመጨረሻ አንድ ባለ ሱቅ የባልን መልክ አይቶ፣ ሳይጠየቅ፣ በእጁ ወደ ላይ ወደ ጣሪያው አመለከተው። ሚስት መነኮሳቱ ውኃና ዳቦ ሰጥተዋት ከአንዲት እማሆይ ጋር ስለ ሞጣ ስታወራ አገኛት። ስላየችው አልተነሣችም። «ጠፍተህ ነበር» አለችው። እርሱ እርሷ የጠፋች መስሎት ነበርና ለመመለስ ቃል አጣ።

እንግዲህ ወደ ወንጌሉ እንመለስ። ሉቃስ የሚነግረን ወላጆቹ የአንድ ቀን መንገድ የሄዱት ልጁ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው መሆኑን ነው። አንዳንድ ተርጓሚዎች በዚያ ዘመን ወንዶችና ሴቶች በየወገናቸው ይሄዱ ስለነበር ዮሴፍ ከእናቱ ጋር ነው፣ ማርያምም ከዮሴፍ ጋር ነው ብለው እንዳሰቡ ይገልጻሉ። ወንጌሉ ራሱ ይህን አይናገርም፤ ነገር ግን የሚናገረው ብቻ ይበቃል። ስሕተቱ የመጣው ከጭካኔ አይደለም፣ ከመዘንጋትም ብቻ አይደለም። ኅብረቱ መልካም ስለሆነ የመጣ ስሕተት ነው። በመጥፎ ሰዎች መካከል ቢሆኑ ኖሮ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ይሄዱ ነበር። መልካም ዘመድና መልካም መሪ ሲኖር ግን እያንዳንዳችን የራሳችንን አደራ ለሁሉ እንተዋለን፤ ለሁሉ የተተወም ማንም አይዘውም።

ሁለተኛ፣ የአንዱን ቀን መንገድ ለመመለስና ልጁን ለማግኘት ሦስት ቀን ሆነባቸው። በእነዚህ ቀናት በመካከላቸው የተነገረ የወቀሳ ቃል ወንጌላዊው አልጻፈልንም። እመቤታችን ልጅዋን ባገኘችው ጊዜ የተናገረችውን አስተውሉ፤ ፈለግሁህ አላለችም። አባቱንና ራስዋን በአንድነት፣ አባቱንም አስቀድማ፣ እየተጨነቁ ሲፈልጉት እንደነበር ነገረችው። ከጭንቀቱ ሁለቱም አንድ ሆነው ወጡ። ይህን ስናነብ እኛ ማፈራችንን አንደብቅም። ከዴር ሡልጣን ስንወርድ ባል «ለምን አልተናገርሽም?» አለ፤ ሚስትም «ለማን?» አለች። እስከ ማግስቱ ማታ ድረስ ከዚህ ሌላ አልተነጋገርንም። በ2025 እ.ኤ.አ. ያረፉት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2016 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተሰብ ባወጡት «አሞሪስ ሌቲሲያ» በተባለው መልእክታቸው በቤት ውስጥ ሊጠፉ የማይገባቸውን ሦስት ቃላት አስታውሰዋል፤ እነርሱም እባክህ፣ አመሰግናለሁ፣ ይቅርታ የሚሉት ናቸው። ሦስተኛውን ቃል አውጥቶ ለመናገር አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብን፤ በዚያም ቀን ቤተ ልሔምን ያህል ቦታ አይተን ነበር። ከቤተ ልሔም የምናስታውሰው ጥቂት ነው።

በመመለሻው ዕለት ማለዳ ደግሞ ቆጠራው እንደገና ጎደለ። ያ ወጣት ባል በሌሊት ሄዷል። ከወንዶቹ ጋር ስለሚያድር ሚስቱ ያወቀችው ቁርስ ላይ ሲታጣ ነው። በሻንጣዋ የውጭ ኪስ ጥቂት ገንዘብና ይቅርታ የሚል አጭር ወረቀት ትቶላት ነበር። አባ ስልክ ደወሉ፣ አስጎብኚውም ለሚመለከተው አሳወቀ፤ እኛም የአውሮፕላን ሰዓት ስለደረሰ አርባ ሆነን ተመለስን። በአውሮፕላኑ ውስጥ ሚስት ከአጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቱ አዲስ አበባ እስክንደርስ የተናገረችው ጥቂት ነው፤ ከተናገረችውም መካከል ከወንዶቹ ጋር ያለ መስሏት እንደነበር ሁለት ጊዜ ደገመችው።

ስለዚህ ሰው ልንፈርድ አንጽፍም። በሀገሩ ሥራ አጥቶ የቆየ ሰው ነበር፤ በሰው ሀገር ቀርቶ መሥራት ብዙዎችን የሚፈትን ሐሳብ መሆኑን ቢቸናም ሞጣም ያሉ ወላጆች ያውቁታል። ነገር ግን ጉዞውን ላዘጋጁት ስለ መመለሱ ዋስ የሆኑት የሚስቱ አባት ነበሩ፤ ዋስትናውን ለመክፈል የወፍጮ ቤታቸውን ሸጡ። ደግሞም በቃና ያየነውን፣ በክፍል ድልድሉ የሰማነውን፣ በአውቶቡስ ውስጥ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ ወንበር ላይ አለመቀመጣቸውን እኛ አይተን ዝም ብለናል። ዮሴፍና ማርያም ልጃቸውን የፈለጉት አስቀድመው በዘመዶቻቸውና በሚያውቋቸው ዘንድ ነው፤ ይህም ኅብረቱ ሊጠየቅ እንደሚገባው ያሳያል። ማንም እኛን ቢጠይቀን ኖሮ የምንመልሰው ነበረን። ጠያቂ እስኪመጣ መጠበቃችን እስከ ዛሬ ይከብደናል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከዚህ ምን ያድርጉ? መንፈሳዊ ጉዞ ሲዘጋጅ ስለ ጸሎቱ፣ ስለ አለባበሱና ስለ መነሻው ሰዓት መግለጫ ይሰጣል። ባለትዳሮችን ብቻ ለአንድ ማታ ሰብስቦ ማወያየት ግን አልተለመደም። እኛ ከተመለስን በኋላ በካህናት ፈቃድ ይህን በጥቂት ቡድኖች ሞክረነዋል። ባልና ሚስት ለየብቻቸው ማዕዘን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይሰጣቸዋል። ከሁለታችሁ የደከመው ሰው ሲቀር ሌላው አብሮት ይቀራልን? ገንዘቡ፣ የፓስፖርቱ ቅጂና የማረፊያው አድራሻ በማን እጅ ነው፤ በሁለቱም እጅ እንዲሆን ምን ይከለክላል? ከዚህ ጉዞ አንዳችሁ ለሌላው ያልነገራችሁት የምትጠብቁት ነገር አለን? ከዚያ በኋላ መልሱን ለማንም አያሳውቁም፤ ቡና ተጠጥቶ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳቅ ያመጣል። ሁለተኛው ባሎችን ያስቆጣል፤ ገንዘብ በሁለት ኪስ መያዙ አለመተማመን የሚመስላቸው አሉ። በገበያ መካከል ብቻውን የቀረ ሰው ግን ለውኃ የሚሆን ሳንቲም በኪሱ ቢኖር ማንንም አልበደለም። በሦስተኛው ጥያቄ ቤቱ ጸጥ ይላል።

በጎጃም የምንገኝ ካቶሊካውያን ጥቂቶች ነን፤ ሀገረ ስብከታችንም ተለይቶ ከተመሠረተ ገና ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ስለዚህ ወደ ውጭ ለመሄድ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ከተማ ሰዎች ጋር፣ በማናውቀው ቡድን ውስጥ እንገባለን። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት፣ ከ2016 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮም በቅድስት ሀገር በተነሣው ጦርነት ምክንያት ብዙ ጉዞ ቀርቷል። ጥያቄዎቹ ግን ከቢቸና አዲስ አበባ ለሚደረግ ጉባኤም ያገለግላሉ።

ካወያየናቸው ጥንዶች መካከል አንዶቹ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሦስተኛውን ጥያቄ ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ። ቅር አሰኘናቸው ብለን ነበር። በሳምንቱ ስማቸውን ከተሳላሚዎቹ ዝርዝር አስወጡ፣ የከፈሉትንም ቀብድ ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ማታ ማታ አብረው ወደ ካህናቸው ሲመላለሱ እናያቸው ነበር።